የዋህ እጅ ቢላዋ ሲያነሣ፦ የቴስ ግድያና የልብ ወለድ ተአማኒነት

የዛሬው የሥነ ጽሑፍ ትምህርት የሚያተኩረው አንባቢዎችንም ሐያስያንንም ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር በኖረ አንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ይኸውም ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ የዋህ፣ ታጋሽና ርኅሩኅ ሆኖ የተሣለ ገጸ ባሕርይ ድንገት ተነሥቶ ሰው ቢገድል አንባቢው ሊያምን ይችላል ወይ የሚል ነው። ጥያቄው በረቂቁ ሲነሣ ሁሉም የየራሱን ግምት ይሰነዝርና ክርክሩ ሳይቋጭ ይቀራል፤ በአንድ መጽሐፍ ላይ ተይዞ ሲመረመር ግን ደራሲው ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ ገጽ እየተገለጠ ማሳየት ይቻላል። ለዚህ ምርመራ እንግሊዛዊው ቶማስ ሃርዲ እ.ኤ.አ. በ1891 ያሳተመው «ቴስ ኦቭ ዘ ደርበርቪልስ» የተሰኘ ረጅም ልብ ወለድ ተመርጧል፤ ምክንያቱም የዚህ መጽሐፍ ዋና ገጸ ባሕርይ ቴስ ደርቢፊልድ በዓለም ልብ ወለድ ውስጥ ከሚገኙት እጅግ የዋህ ሴቶች አንዷ ስትሆን፣ ከ59ኙ ምዕራፎች በ56ኛው በቁርስ ጠረጴዛ ላይ የነበረ የሥጋ መቁረጫ ቢላዋ አንሥታ ሰው ትገድላለች።

በቅድሚያ ተአማኒነት የሚለው ቃል በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ምን ማለት እንደሆነ መታወቅ አለበት። ተአማኒነት ማለት በልብ ወለድ ውስጥ የሚፈጸም ድርጊት ከገጸ ባሕርያቱ ጠባይና አስቀድሞ ከተነገረው ታሪክ የሚፈልቅ መሆኑ ሲሆን፣ ድርጊቱ በገሀዱ ዓለም ደርሶ ያውቃል ወይስ አያውቅም ከሚለው ጥያቄ ጋር አንድ አይደለም። ግሪካዊው ፈላስፋ አርስቶትል «ፖኤቲክስ» በሚባለው ድርሳኑ ይህን ልዩነት ከ2,300 ዓመታት በፊት አስቀምጦታል፤ በእርሱ አመለካከት የገጣሚው ሥራ የተፈጸመውን መዘገብ ሳይሆን በይሆናል ወይም በግድ ሊሆን የሚችለውን ማሳየት ነው፤ ስለሆነም ሊሆን የማይችል ነገር አሳማኝ ሆኖ ከቀረበ፣ ሊሆን ከሚችል ግን ከማያሳምን ነገር ይሻላል። ስለዚህ አንድ ደራሲ «ይህ በእውነት የደረሰ ነው» ብሎ ቢከራከር ከወቀሳ አይድንም፤ ጋዜጣ ላይ ያለ ዜና ለእውነትነቱ ማስረጃ እንጂ ዝግጅት አያስፈልገውም፤ ልብ ወለድ ግን ከዝግጅቱ ሌላ የሚያቀርበው ማስረጃ የለውም።

የዋህ ሰው ሊገድል ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ በገሀዱ ዓለም መልስ ያገኘ ነው ማለት ይቻላል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዊን ሜጋርጊ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጥናት ቁጣቸውን ወዲያው የሚያወጡ ሰዎችን ቁጣቸውን ከልክ በላይ ከሚያፍኑ ሰዎች ለይቶ ተመልክቷል፤ እጅግ የከፋ ጥቃት የፈጸሙት ብዙ ጊዜ ጠበኝነት የሚታይባቸው ብቻ ሳይሆኑ፣ ጎረቤት ሁሉ ጨዋነታቸውን የሚመሰክርላቸውና ለዓመታት ትንሽ ቁጣ እንኳ ማሳየት ያልቻሉ ሰዎችም እንደሚሆኑ አሳይቷል። በአገራችንም የታጋሽ ሰው ቁጣ እንደሚያስፈራ፣ የትዕግሥት ጽዋ የሚሞላበት ቀን እንዳለ የማያውቅ የለም። እንግዲህ ክርክሩ ያለው በሰው ተፈጥሮ ላይ ሳይሆን በደራሲው አሠራር ላይ ነው።

የሃርዲ ታሪክ የሚካሄደው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በተለይም በዶርሴት አካባቢ ሲሆን፣ ደራሲው ይህን ምድር በልብ ወለዶቹ ዌሴክስ እያለ ይጠራዋል። ቴስ የድሃ ቤተሰብ የመጀመሪያ ልጅ ናት። አባቷ የጥንት መሳፍንት ዘር መሆኑን ከአንድ ቄስ ሰምቶ በስካር ሲደሰት፣ ልጅቱ በእርሱ ፈንታ በሌሊት ጋሪ እየነዳች ወደ ገበያ ትሄዳለች፤ በመንገድ ላይ እንቅልፍ ይጥላትና የቤተሰቡ መተዳደሪያ የሆነው ፈረስ ከፖስታ ጋሪ ጋር ተጋጭቶ ይሞታል። በዚህ በአራተኛው ምዕራፍ ላይ ቴስ ከፈረሱ ደረት የሚፈልቀውን ደም በመዳፏ ልትደፍነው ስትሞክር ከፊቷ እስከ ቀሚሷ ድረስ በደም ትነከራለች፤ ማንም ሳይወቅሳትም ራሷን እንደ ነፍሰ ገዳይ ትቆጥራለች። በዚህ ጸጸት ምክንያት ነው የቤተሰቡን ስም እንዲሁ ወስዶ ወደሚጠቀም ሀብታም ቤት ሄዳ በአሌክ ደርበርቪል እጅ የምትወድቀው። አሌክ በጨለማ ጫካ ውስጥ ይደፍራታል፤ የወለደችው ሕፃን ይሞታል፤ ከዓመታት በኋላ በወተት ላም እርባታ ስትሠራ ያገባችው ኤንጀል ክሌር ደግሞ በሠርጉ ሌሊት የደረሰባትን ሁሉ ስትነግረው ጥሏት ወደ ብራዚል ይሄዳል።

እስከዚህ ድረስ ያለችው ቴስ የሚደርስባትን በደል ሁሉ በራሷ ጥፋት የምትቆጥር፣ ቁጣዋን ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ራሷ የምትመልስ ሴት ናት። ሃርዲ ግን ይህን የዋህነት ሲሥል በጎን ሌላ ነገር ሲያስቀምጥ ይገኛል። በ41ኛው ምዕራፍ ቴስ ሥራ ፍለጋ ስትጓዝ በጫካ ውስጥ ታድራለች፤ ሌሊቱን ከዛፎቹ የሚወድቅ ነገር ድምፅ ስትሰማ ታነጋለች፤ ሲነጋ የምታየው አዳኞች አቁስለዋቸው የሄዱ ፌዛንት የሚባሉ ቆቅ መሰል ወፎች በደም ተነክረው ሲያጣጥሩ ነው። ወፎቹ እንዳይሠቃዩ ስትል ያገኘቻቸውን በገዛ እጇ አንገታቸውን እየቆለመመች ትገድላቸዋለች፤ እያለቀሰችም ከእነርሱ ሥቃይ አንጻር የእርሷ ምንም እንዳይደለ ለራሷ ትናገራለች። ይህን ምዕራፍ የሚያነብ ሰው የሚያየው ርኅራኄን ነው፤ ነገር ግን በዚያው ቅጽበት የሚያየው እጅ መግደል የሚችል እጅ ነው፤ ርኅራኄውና ግድያው ሳይነጣጠሉ በአንድ ድርጊት ውስጥ ተቀምጠዋል።

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት እንዲህ ያለው አሠራር ንግር ይባላል፤ ንግር ማለት በኋላ ለሚመጣው ድርጊት አንባቢው ሳይታወቀው አስቀድሞ የሚሰጥ ፍንጭ ነው። ንግር ሁሉ ግን እኩል አይደለም። አንዳንዱ ንግር የሚናገረው ስለ ዕጣ ብቻ ሲሆን፣ ደም፣ ቀይ ጥብጣብና መጥፎ ምልክት እየደጋገመ «አንድ ነገር ሊመጣ ነው» ይላል፤ ይህ ዓይነቱ አንባቢውን ያስፈራዋል እንጂ አያሳምነውም። ሁለተኛው ዓይነት ንግር የሚናገረው ስለ ጠባይ ነው፤ ገጸ ባሕርይዋ በምን ሰዓት፣ ስለ ማን፣ በምን ምክንያት እንደምትነሣ ያሳያል። ሃርዲ የመጀመሪያውን ዓይነት አብዝቶ የተጠቀመ ደራሲ መሆኑ አይካድም፤ የመጽሐፉን ተአማኒነት የተሸከመው ግን ሁለተኛው ነው፤ እርሱም በ47ኛው ምዕራፍ ይገኛል።

በዚያ ምዕራፍ ቴስ ፍሊንትኮም አሽ በተባለ ድንጋያማ እርሻ ላይ በእንፋሎት የሚሠራ የእህል መውቂያ ማሽን እየቀለበች ስትውል ትታያለች። ማሽኑ ከንጋት እስከ ምሽት ስለማያቆም እርሷም አታቆምም፤ ነዶውን ትፈታለች፣ ትሰጣለች፣ ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል። በምሳ ሰዓት አሌክ የነዶውን ክምር ወጥቶ ከጎኗ ይቀመጥና እንደ ገና ሊወስዳት ያባብላታል። ስለ ራሷ የሚናገረውን ሁሉ ትሰማዋለች፣ ትመልስለታለች፣ ትታገሠዋለች። በመጨረሻ ባሏን በንቀት ሰድቦ እንድትተወው ሲነግራት ግን ከጉልበቷ ላይ የነበረውን ከባድ የቆዳ ጓንት አንሥታ አፉን ትመታዋለች፤ ከከንፈሩም ደም ነዶው ላይ ይንጠባጠባል። ወዲያውም እንዲመታት ራሷን ትሰጠዋለች፤ አንድ ጊዜ ተጠቂ የሆነ ሁልጊዜ ተጠቂ ነው የሚል ፍርድ በራሷ ላይ ታስተላልፋለች።

ይህ ትዕይንት በጥንቃቄ ሊጤን ይገባል፤ ምክንያቱም ግድያው ሙሉ በሙሉ እዚህ ውስጥ አለ። አሌክ ክብሯን ሲወስድ አልመታችውም፤ ልጇ ሲሞት አልመታችውም፤ በድህነቷ ሲሳለቅ አልመታችውም፤ የመታችው ባሏን ሲሰድብ ነው። ከዘጠኝ ምዕራፎች በኋላ በሳንድበርን ከተማ ባለው የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። አባቷ ሞቶ የቤቱ የይዞታ መብት በሞቱ ስላበቃ ቤተሰቡ ሜዳ ላይ ይወድቃል፤ አሌክ እናቷንና ትንንሽ እኅት ወንድሞቿን እንደሚረዳ፣ ባሏም በፍጹም እንደማይመለስ እየነገራት ቴስን ይወስዳታል። ኤንጀል ግን በበሽታ ከስቶና ተጸጽቶ ይመለሳል፤ በሩ ላይ ያገኘችውም እጅግ እንደዘገየ ነግራው ትሸኘዋለች። ወደ ላይኛው ክፍል ተመልሳ ስታለቅስ አሌክ ይሰማታል፣ ያላግጥባታል፣ ባሏንም በክፉ ስም ይጠራዋል፤ በዚህን ጊዜ ቢላዋውን ታነሣለች። ቴስ ራሷ ለኤንጀል ስትናዘዝ፣ አሌክን በጓንት አፉን ከመታችው ቀን ጀምሮ አንድ ቀን ይህን ልታደርግ እንደምትችል ትፈራ እንደነበር ትነግረዋለች።

የሃርዲ ትልቁ ማስተዋል ይህ ነው። ደካማ ደራሲ የዋህ ገጸ ባሕርይውን ገዳይ ለማድረግ ሲፈልግ የዋህነቱን ይሰርዝና በቦታው ሌላ ሰው ያስቀምጣል፤ አንባቢውም ያነበባት ሴት ጠፍታ በስሟ የምትጠራ እንግዳ መምጣቷን ወዲያው ያውቃል። ሃርዲ ግን የዋህነቱን አልሰረዘም። ቴስ በመጽሐፉ ውስጥ ለራሷ ብላ የወሰነችው ነገር እጅግ ጥቂት ነው፤ ወደ አሌክ ቤት መጀመሪያ የሄደችው ለቤተሰቧ ነው፤ ለሁለተኛ ጊዜ የተመለሰችው ለእናቷና ለልጆቹ ነው፤ ወፎቹን የገደለችው ለወፎቹ ነው፤ ሰውየውን የገደለችው ስለ ኤንጀል ነው። ራሷን ለሌላ አሳልፋ እንድትሰጥ የሚያደርጋት ያው ጠባይ ነው ቢላዋውን ያስነሣት። እንግሊዛዊው ደራሲ ኢ. ኤም. ፎርስተር እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው የልብ ወለድ ትችት መጽሐፉ ገጸ ባሕርያትን ዝርግና ክብ ብሎ ከፍሏል፤ ዝርግ የሚባለው በአንድ ጠባይ ዙሪያ ብቻ የተሠራ ሲሆን፣ ክብ የሚባለው አንባቢውን ሊያስደንቅ የሚችል፣ ሲያስደንቅም የሚያሳምን ነው። ማስደነቁ ሳይኖር ማሳመኑ ብቻ ካለ ገጸ ባሕርይው ዝርግ ይሆናል፤ ማሳመኑ ሳይኖር ማስደነቁ ብቻ ካለ ደግሞ ክብ መስሎ የቀረበ ዝርግ ነው። በዚህ መመዘኛ ቴስ ክብ ናት።

ሌላው ሊጠና የሚገባው ግድያው የተተረከበት መንገድ ነው። ሃርዲ ቢላዋው ሲነሣ አያሳይም። በ56ኛው ምዕራፍ ታሪኩ የሚታየው በቤቱ አከራይ በወይዘሮ ብሩክስ ዓይንና ጆሮ ነው፤ እርሷም ያለ ልማዷ በቁልፍ ቀዳዳ አጮልቃ ቴስ ወንበር ላይ ተደፍታ ስታቃስት ታያለች፣ የሚቆራረጥ የለቅሶ ንግግር ትሰማለች፣ ከዚያም የሰውየውን ስለታም ቃል ትሰማለች። ወደ ታች ወርዳ ስትጠብቅ ቴስ ልብሷን ለብሳ ከቤት ስትወጣ ታያታለች። ትንሽ ቆይታ ቀና ስትል በነጩ ኮርኒስ መካከል ነጥብ ታያለች፤ ነጥቡ እየሰፋ ሄዶ በመጫወቻ ካርታ ላይ እንዳለ ቀይ ልብ ይሆናል፤ ጠረጴዛ ላይ ወጥታ በጣቷ ስትነካው እርጥብ ነው። ይህን ደራሲው ከባዱን ትዕይንት መጻፍ ፈርቶ የሸሸበት አድርገው የሚያዩ አንባቢዎች አይጠፉም፤ ነገር ግን ስሕተት ነው። አንባቢው የቴስን እጅ በቢላዋው ላይ ቢያይ ኖሮ ክንዷን፣ ምቱን፣ የሰውየውን ጩኸት እያየ ይገመግም ነበር፤ ያላየውን ግን ከዚያ በፊት ካየው ነገር እየወሰደ ራሱ ይሞላዋል፤ የሚወስደውም ከጓንቱ ምት ነው። ለሬዲዮ ድራማ የሚጽፉ ሰዎች ከዚህ ምዕራፍ ብዙ ሊማሩ ይችላሉ፤ ይበልጡን ከበር በስተጀርባ በሚሰማ ድምፅ የተሠራ ግድያ ነውና።

የመጽሐፉን ድካም መሸፈንም ተገቢ አይደለም። ሃርዲ ለግድያው ሌላ ምክንያት አድርጎ የቴስን የዘር ሐረግ ያመጣል፤ በጥንቱ የደርበርቪል ቤተሰብ ውስጥ በሠረገላ ላይ ስለተፈጸመ ግድያ የሚነገር አፈ ታሪክ ይተረካል፤ ኤንጀልም ኑዛዜዋን ሲሰማ በደሟ ውስጥ የተደበቀ አንዳች ነገር ይኖር ይሆን ብሎ ይጠይቃል። ይህ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገናና የነበረ የዘር ውርስ አስተሳሰብ ነው፤ ለዛሬ አንባቢ ግን አያሳምንም፤ ከማሳመኑ ይልቅ የጓንቱንና የወፎቹን ትዕይንት የመሰለ የተሠራ ነገር ባለበት መጽሐፍ ውስጥ ትርፍ ሆኖ ይታያል። ደራሲው ሐሳቡን በራሱ ቃል ሳይሆን በኤንጀል አእምሮ ውስጥ ማስቀመጡ ግን ጥቂት ያድነዋል። ኤንጀል በመጀመሪያ ሴትየዋ በሕመም የምትቀባጥር መስሎት አለማመኑም ልብ ሊባል ይገባል፤ በመጽሐፉ ውስጥ የመጀመሪያው የማያምን አንባቢ እርሱ ነው፤ ቴስን ከሁሉ ያነሰ የተረዳት ሰው እርሱ ስለሆነ አለማመኑ በራሱ አሳማኝ ነው።

በዚህ ላይ ማመንና መደገፍ ሊቀላቀሉ አይገባም። አንድን ግድያ ተአማኒ ነው ማለት ትክክል ነው ማለት አይደለም። ሕግም ቢሆን ይህን ልዩነት ያውቃል፤ ለምሳሌ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 541 ከባድ የማነሣሣት ተግባር ተፈጽሞበት፣ ወይም ሁኔታው ሊያስረዳውና በመጠኑ ይቅር ሊያሰኘው በሚችል ብርቱ ስሜት ተገፋፍቶ የገደለን ሰው ከወንጀል ነጻ አያደርገውም፤ ቅጣቱን ግን ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ይወስነዋል። ዳኛው የሚጠይቀው ጥያቄ አንባቢው ከሚጠይቀው ብዙም አይርቅም፤ ሁለቱም የሚመረምሩት ስሜቱ ካለፈው ታሪክ የመጣ መሆን አለመሆኑን ነው። በሃርዲ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ፍርድ ቤት ግን ለቴስ ይህን አላደረገላትም፤ በስቶንሄንጅ ጥንታዊ ድንጋዮች መካከል ተይዛ በስቅላት ትቀጣለች። ደራሲው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1856፣ የ16 ዓመት ልጅ ሳለ፣ ባሏን የገደለች ማርታ ብራውን የተባለች ሴት በዶርቼስተር በአደባባይ ስትሰቀል አይቷል፤ ያየውም እስከ ሽምግልናው ድረስ ከልቡ አልወጣም። ስለዚህም ገዳይዋን ገጸ ባሕርይ በመጽሐፉ ንዑስ ርእስ ላይ ንጽሕት ሴት ብሎ ሲጠራት፣ በዘመኑ ብዙዎችን ያስቆጣ ቢሆንም፣ ከልቡ ነው።

ለንጽጽር ያህል በዚያው በ1891 ያረፈው አሜሪካዊ ኸርማን ሜልቪል ሳይጨርሰው የተወውና በ1924 የታተመው «ቢሊ በድ» ሊጠቀስ ይችላል። በ1797 በእንግሊዝ የጦር መርከብ ላይ የሚያገለግለው መልከ መልካምና ቅን መርከበኛ ቢሊ፣ ክላጋርት የተባለ አለቃ በካፒቴኑ ፊት በሐሰት በአመፅ ሲከሰው መልስ ለመስጠት ይሞክራል፤ ሲጨነቅ የሚይዘው መንተባተብ አፉን ይዘጋዋል፤ በዚህን ጊዜ እጁ ይወረወርና ክላጋርት በአንድ ምት ይሞታል። ሜልቪል ያዘጋጀው ነገር አጭር ግን በቂ ነው፤ መንተባተቡን ገና በመጀመሪያ ነግሯል፤ ቢሊ በቀድሞው መርከቡ ላይ ጎኑን የጎሸመውን አንድ ነገረኛ እንዴት እንደመታውም ተርኳል። ቃል የጠፋበት ሰው በእጁ መለሰ፤ የቢሊ ምት የሚታመነው ስለዚህ ነው።

የቴስ ግድያ ከቢሊ ምት ይበልጥ ከባድ ፈተና ነው፤ ምክንያቱም ቢሊ መግደል ሳያስብ የገደለ ሲሆን ቴስ ቢላዋ አንሥታለች፤ ከገደለችም በኋላ ልብሷን ለብሳ፣ በሩን ዘግታ፣ ባሏን ለመከተል በመንገድ ላይ ሮጣለች። እንዲያም ሆኖ ተአማኒ ነው፤ በዘር ሐረጉ ሳይሆን በጓንቱ ምክንያት ተአማኒ ነው። ልብ ወለድም ሆነ ድራማ የሚጽፍ አድማጭ የዋህ ገጸ ባሕርይውን ወደ እንዲህ ያለ ድርጊት ሊያደርስ ካሰበ፣ የግድያውን ምዕራፍ ከማሳመር በፊት ወደ ኋላ ተመልሶ ገጸ ባሕርይው ስለ ማን እንደሚነሣ የሚያሳይ አንድ ትንሽ ምት መኖሩን ይመርምር፤ ከሌለም ምዕራፉን ከመጻፉ በፊት ያንን ይጻፍ።